ፍሪማርቲን የተባለችው ጊደር

ጎማ የሚለጥፍ ሰው በመርሳ ከተማ አይጠፋም። ጎማ እየለጠፈ የፈረንጅ ቃል የሚፈታ ግን ከእኔ ሌላ ካለ አሳዩኝና መዶሻዬን ጥዬ ልሂድ። ትምህርት ቤት የገባሁት ጣሪያው ሲሠራ ቆርቆሮ ለማቀበል ብቻ ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ይሄ በደጄ የሚያልፈው የደሴና የወልድያ መንገድ ነው። ከነዳጅ ጫኝ ሾፌር ጣልያንኛ፣ ከመድኃኒት ጠርሙስ እንግሊዝኛ፣ ከገበያው ነጋዴ ዓረብኛ ለቃቅሜ፣ አሁን የማላውቀው ቋንቋ ቢኖር ገና ያልተፈለሰፈ መሆን አለበት። ባለቤቴ ትርንጎ በዚህ አትስማማም። «አንተ አማርኛውንም የምታውቀው አፍህ ስለማይዘጋ ነው» ትለኛለች። እሷን ተዉዋት፤ ባሏን ያደነቀች ቀን ወጧ የሚያርርባት ይመስላታል።

ሰው መድኃኒት ገዝቶ የጠርሙሱ ጽሕፈት ሲያስቸግረው ወደ እኔ ይመጣል። አገላብጬ፣ ወደ ብርሃን አንስቼ፣ «ከምግብ በኋላ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ነኝ። ከምግብ በፊት ሆኖ ቢገኝም ምንም አይደለም፤ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ከራት በፊት ያለው ሰዓት ነው፤ ማን ለይቶት። አላውቅም የሚል ቃል ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሰው አምኖኝ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት አልችልም። ርኅራኄ ነው እንጂ ጉራ አይደለም።

ከቃላት ሁሉ በእኔ ላይ የጨከነችው ፍሪማርቲን የምትባለው ናት። ዛሬ ከጎረቤታችን መንደር ከግራና እስከ ወልድያ ይህችን ቃል የማያውቅ ሰው የለም፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሰጠኋት ትርጉም ትንሽ ጉድለት ነበረበት፤ የተጨቃጨቅነውም በዚያች በትንሿ ነው።

ነገሩ የተነሣው የደስታ በሽታ ከብቱን እንዳይጨርስ ክትባት ተብሎ ከወልድያ የከብት ሐኪም ግራና የመጣ ጊዜ ነው። ላንድሮቨሩ ወንዙን ሲሻገር ጎማው ተነፈሰ። ማን ይጠራ? እኔ ተጠራሁ። ፓምፔን በበቅሎ ጭኜ ስደርስ የአገሩ ከብት ሜዳውን ሞልቶታል። አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ ሐኪሙ ካኪውን ለብሶ መሀል ገብቶ መርፌውን ይወጋል፣ ገበሬው በየተራው ቀንድ ይዞ ይታገላል። እኔ ጎማውን ፈትቼ ቀዳዳውን ስፈልግ የአያ ይመር ጊደር ተራ ደረሰ።

አያ ይመር የግራና ገበሬ ናቸው። አባታቸውና አባቴ አብረው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። እሳቸው እስላም እኔ ክርስቲያን ሆነን፣ ቤታቸው ስሄድ የእኛ ድስት ለብቻው ታጥቦ ተደፍቶ ይጠብቀኛል። ላማቸው መንታ ወለደችላቸው፤ አንድ ወይፈን፣ አንዲት ጊደር። ላም መንታ መውለዷ በእኛ አገር በስንት ዘመን አንዴ የሚሰማ ነገር ስለሆነ፣ ጊደሯን እንደ ልጅ ነው ያሳደጓት። ደግሞ ታምራለች። ቀይ ናት፤ ቆዳዋ ቅቤ የተቀባ ይመስላል፤ አንገቷና ትከሻዋ የበሬ ነው። 

ሐኪሙ ወጋትና ቆም አለ። ዞሮ ከኋላዋ ተመለከታት። ከወንድ ጋር መንታ ሆና እንደተወለደች ጠየቀ። አያ ይመር ደረታቸውን ነፍተው አዎን አሉ። ሐኪሙ አብሮት ለነበረው ባለሙያ «ፍሪማርቲን ናት» አለው፤ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ከብት አለፈ። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩም የሚያናግር አልነበረም። ጎማውን ጨርሼ ስነሣ ላንድሮቨሩ አቧራ አልብሶን ሄደ። አያ ይመር ጊደሯን በገመድ እየሳቡ ወደ እኔ መጡ።

«ምን አለኝ ሰውየው?» አሉኝ። «ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ። ክፉ ነገር እንዳይሆን።»

እስቲ እናንተ ፍረዱ። የተማረ ሰው ራሱን የሚነቀንቀው ሲያዝን ወይም ሲደነቅ ነው። ያችን የመሰለች ጊደር አይቶ የሚያዝን ሐኪም ይኖራል? ስለዚህ ተደንቋል ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ያሰብኩት እጄን በጨርቅ እስክጠርግ ነው፤ ጭንቅላቴ ፈጣን ነው።

«አያ ይመር፣ እንኳን ደስ ያለዎ» አልኳቸው። «ፍሪማርቲን ማለት በፈረንጅ አገር የላሞች እመቤት ማለት ነው። ከሺህ አንድ አትገኝም። እንዲህ ያለችው የምትታለበው ለትልልቅ ሰዎች ቤት ብቻ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጊደሯን ግንባሯን ሳሟት። እውነቱን ለመናገር እኔም ከንግግሬ የተነሣ ልቤ ተነክቶ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ነገሩ እዚያ ቢቀር ማንም አይጎዳም ነበር። ግን አያ ይመር ልጃቸውን ዘሀራን መርሳ አጠገብ ለሚኖሩት ለአያ ሁሴን ልጅ ለአሊ ሊድሩ ነው። በአገራችን ልማድ ሁለቱም ወገን ማጫ ያወጣል፤ ልጆቹ ጎጆ ሲወጡ የሚነሡበት ከብት ማለት ነው። አያ ሁሴን በሬ እሰጣለሁ ብለዋል። አያ ይመር አስቀድመው ያሰቡት እናቲቱን፣ የምትታለበውን ላም ነበር። ከእኔ ትርጉም በኋላ ግን ሐሳባቸው ተለወጠ። ሽማግሌ በተቀመጠበት ተነሥተው፣ ላሚቱም አለች፣ ፍሪማርቲኗም አለች፣ የወንዱ ወገን የወደደውን ይምረጥ አሉ።

የአሊ እናት እትዬ ከድጃ ጠንቃቃ ሴት ናቸው። ከሴቶቹ ወገን ሆነው ላሚቱ ትሻለናለች አሉ፤ ጡቷን አይተነዋል፣ ያቺኛዋን ግን በወሬ ነው የምናውቃት። ይሄኔ ወሬውን የሚያውቅ ይጠየቅ ተባለና እኔ ተነሣሁ። ወገኖቼ፣ ያን ቀን እንደተናገርኩት ተናግሬ አላውቅም። ስለ ፍሪማርቲን ወተት ስናገር ሽማግሌዎቹ ምራቃቸውን ሲውጡ አያለሁ። ስለ ቅቤዋ ስደርስ አያ ሁሴን በቃ፣ በቃ፣ ጊደሯን ብለናል አሉ። እትዬ ከድጃ ያን ጊዜ ያዩኝ ዓይን ግን እስከ ዛሬ ጀርባዬ ላይ አለ።

ዱዓ ተደረገ፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። በእኛ አገር ዱዓ የተደረገበት ማጫ አይለወጥም። ለውጡልኝ ያለ ሰው በዘረጋው እጁ የተቀበለውን መልሶ እንደጣለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አብሮት ለጉዳይ አይቀመጥም። ይሄን አስታውሱልኝ፤ ኋላ የታነቅንበት ገመድ ይሄ ነው።

ቃሏ ከዚያ ወዲያ ከእጄ ወጣች። ነፍቼ የለቀቅኳት እኔ ነኝ፤ መንከባለሉን ግን ራሷ ቻለችበት። መጀመሪያ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ወፈር ያለውን ሻይ ፍሪማርቲን ብላ መሸጥ ጀመረች። ቀጥሎ አንድ የአሥመራ መንገድ ሾፌር በመኪናው ግንባር ላይ በቀይ ቀለም አጻፋት። ልጃገረድ አምሮባት ስታልፍ ጎረምሳው «ፍሪማርቲን» ይላል፤ እሷም ተደስታ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ዘጠኝ ወልደው ያሳደጉ አንዲት አሮጊት ሞተው ለቅሶ ላይ አልቃሿ «ፍሪማርቲኗ እናቴ» ብላ ሙሾ ስታወርድ ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። እኔ ከጥግ ተቀምጬ ሥራዬን አየሁ። ከወልድያ የመጣ አንድ ባለሱቅ ጎማ ሊያስለጥፍ ቆሞ፣ ፍሪማርቲን የሚባል ቃል ሰምተህ ታውቃለህ ብሎ ሊያስተምረኝ ሞከረ። ትርጉሙ ላይም ጨምሮበታል፤ ወልድያ ሲደርስ የላሞች እመቤት ብቻ መሆኗ ቀርቶ የወይዛዝርትም ሆናለች። አመስግኜ ሸኘሁት። 

በሠርጉ ቀን ደግሞ እንዴት ይቀራል? ዘሀራን በበቅሎ ሲያስገቧት የመርሳ ሴቶች እንዲህ ብለው ተቀበሏት፦

ክፈቱላት በሩን፣ አንጥፉላት ጀንዲ፣
ፍሪማርቲን መጣች፣ ሌላ የለም እንዲህ።

ከበሮውን ቀምቼ መታሁ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ የታረደውን ፍየል እየበላሁ ለጎረቤቴ፣ ይህች ቃል ባትኖር ይሄ ዘፈን አይኖርም ነበር እያልኩ ነገርኩት። እሱም ይህች ቃል ባትኖር አንተም በሰላም ትበላ ነበር አለኝ።

ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ሄደ። ጊደሯ ወፈረች፣ አማረች፤ ኮርማ ግን አልፈለገችም። ጎረቤት ያሉት እኩዮቿ ጥጃ አስከትለው ሲያልፉ እሷ አጥር ትገፋለች። እትዬ ከድጃ በየገበያው ቀን በሱቄ ደጅ ሳያልፉ አይሄዱም። «አንተ ጎሚስታ፣ እመቤቲቱ ዛሬም ወገቧ ቀጭን ነው» ይሉኛል። ትልቅ ሰው አይቸኩልም እላለሁ። በሌላው ገበያ ደግሞ ይመጣሉ። አሁን ደግሞ ምን ልበላቸው? በመጨረሻ ፍሪማርቲን ባሏን ትመርጣለች፣ ከዚህ አገር ኮርማ ማንንም አትቀበልም አልኳቸው። ይሄ ከአፌ ከወጣ በኋላ ለራሴም እውነት መሰለኝ።

በአሊ ቤት ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ወተት የለም። በሬው አንድ ነው፤ አንድ በሬ አያርስም። እንደ ድሀ ገበሬ ሁሉ አሊ ሌላ ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ፈልጎ በመቀናጆ ያርሳል፤ በሬና በሬ አቀናጅተው በየተራ ማለት ነው። ጎረቤቱ ታላቅ ሰው ስለሆነ ቀድሞ ያርሳል፤ አሊ ዘሩን የሚዘራው ዝናቡ ሊያልፍ ሲል ነው። የማሽላው አገዳ ከጉልበት አላለፈም። አሊ አፉን አይከፍትም፤ ግን አንድ ቀን ደጄ ቆሞ ጋሼ፣ መቼ ይሆን የምትወልደው ሲለኝ ጎማው ከእጄ ወደቀ።

እንግዲህ ወልድያ የታወቀ ኮርማ አለ ተብሎ እኔ፣ አሊና አያ ይመር ጊደሯን እየነዳን ሄድን። ያችን የሚያህል መንገድ በእግሬ የሄድኩት ስለ ክብሬ ነው። ኮርማው የአንድ ከብት ነጋዴ ነው። ጥቁር፣ ሻኛው ወደ ጎን የወደቀ፣ ገና ሲያዩት መንገድ የሚያስለቅቅ። ነጋዴው ዘና ብሎ ለቀቀው። ኮርማው ቀረብ ብሎ አሸተታት።

ጊደሯ አንገቷን ደፋች። መሬቱን በፊት እግሯ ጫረችው። ከዚያ እንደ ወንድ አጓራች። ኮርማው ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥኩ። በግንባሯ ጎኑን ስትለው ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ደግማ ስትመጣበት ዞሮ ሮጠ፣ እየነዳች ወስዳ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ አወጣችው። ባለሱቁ ከነሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። የወልድያ ሰው ሥራውን ትቶ መጣ። አንዱ፣ ከሁለቱ ኮርማው የቱ ነው ብሎ ሲጠይቅ ነጋዴው ኮርማዬን አዋረዳችሁብኝ ብሎ ሊጣላን ነው።

ሕዝቡን ከፍሎ ያ የከብት ሐኪም ብቅ አለ። ጊደሯን አያትና ሣቀ። «ይቺ የግራናዋ ፍሪማርቲን አይደለችም እንዴ?»

ልቤ በራ። «አወቅካት ዶክተር። ለማዕረጓ የሚሆን ኮርማ ፈልገንላት ነው የመጣን» አልኩት።

«ለበቅሎ ኮርማ ብትፈልጉላት ይሻላል» አለ። ከዚያ ማንም ሳያቋርጠው አስረዳን። ጊደር ከወንድ ጋር መንታ ሆና በአንድ ማኅፀን ስታድግ፣ የእሷና የወንድሟ ደም ይገናኛል። የወንድሟ ደም የእሷን ማኅፀን እንዳያድግ ያደርገዋል። ከውጭ ሲያዩዋት ላም ናት፤ ውስጧ ግን ላም አልሆነም። ስለዚህ አትወልድም፣ ወተትም የላትም። ጠባይዋና ትከሻዋም ወደ ወንድ ይሄዳል። «ፍሪማርቲን ማለት ይሄ ነው» አለ። «መካን መንታ ጊደር። ያን ቀን ሰልፉ አላናግር ብሎኝ እንጂ ለባለቤቷ ባስረዳ ጥሩ ነበር። ሌላ ነገር ነው የነገሯችሁ?»

አያ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። አሊ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የኮርማውን ጥርስ እየቆጠርኩ ነበር።

«ከሺህ አንድ አትገኝም ማለቴ ግን ልክ ነው፣ አይደል ዶክተር?» አልኩ።

«አዎ፣ እሱስ እምብዛም አትገኝም» አለ።

«አያችሁ» አልኳቸው። ማንም አላየም።

በመመለሻው መንገድ አያ ይመር ጊደሯን እየነዱ ከፊት ከፊታችን ሄዱ። መርሳ ልንገባ ስንል ብቻ ቆሙና «ልጄን በሠርጓ ቀን መካን እያልን ነው ያስገባናት» አሉኝ። ተቆጥተው ቢሆን በቻልኩት ነበር። ቀስ ብለው ነው ያሉት።

ትርጉሙ ከእኛ ቀድሞ መርሳ ገብቶ ቆየን። የሻይ ቤቷ ሴትዮ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሾፌሩ የመኪናውን ግንባር በድንጋይ ሲፍቅ አገኘሁት፤ ቀለሙ አልለቅ ብሎታል። የሟቿ አሮጊት ልጆች ዘጠኙም ሆነው ቤቴ መጡ። ትርንጎ ወጥታ፣ እሱ እቤት የለም፣ ብትጠብቁት ግን ወዴትም አይሄድም አለቻቸው። እኔ አልጋው ሥር ሆኜ ይሄን ንግግር ስመረምረው ለማን ወግና እንደተናገረች ሊገባኝ አልቻለም።

ይሄ ሁሉ ያልፋል። የማያልፈው የእትዬ ከድጃ ነው። የጊደሯ ሳያንስ ሙሽሪቱ እስካሁን አለማርገዟን አስታወሱ። በሠርጉ የተዘፈነውን አስታወሱ። ልጄን በመካን ስም ድሬው ኖሯል፣ ይሄ ሟርት ነው፣ ልጅቷም ጊደሯም ወደመጡበት ይመለሱ አሉ። አሊ አይሆንም አለ፤ በእናቱ ፊት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው አሉ። አያ ሁሴን ከሁለቱ መሀል ገብተው ፂማቸውን ያሻሉ። አያ ይመር እናቲቱን ላም ነድተው መጡ፤ ውሰዱ፣ ልጄን ብቻ አትመልሱብኝ አሉ። ግን ዱዓ አለበት። ማጫው ቢለወጥ ሁለቱም ቤት ይዋረዳል፤ ባይለወጥ ዘሀራ ትመለሳለች።

አባጋሩ ተጠሩ፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። ዋርካው ሥር ተቀመጥን። እኔንም አስቀመጡኝ፤ ከተከሳሹ ቦታ እንጂ ከምስክሩ አይደለም። ነገሩ ሲዞር ዋለ፤ ሁሉም አይሆንም በሚለው ነገር ላይ ተስማማ። ይሄኔ ዘሀራ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ አባጋሩን አየቻቸው።

«አባባ፣ አንቱ ከፈቀዱ አንድ ነገር ልናገር» አለች።

ተናገሪ አሏት።

«ላሚቱን አልቀበልም። ዱዓውም ቢቀር፣ የታናናሾቼን ወተት ከአፋቸው ነጥቄ ጎጆ አላቆምም። አሊ ግን አንድ በሬ ይዞ በየዓመቱ የሰው ተራ ሲጠብቅ መሬታችን መጨረሻ ይታረሳል። ይቺ ጊደር የወልድያን ኮርማ ገፍታ ሱቅ ከትታዋለች አሉ። ጥጃ ባይኖራት ትከሻ አላት። ከበሬው ጋር ጥመዷት።»

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ተንጫጫ። በእኛ አገር ላም አይጠመድም፤ ላም የጠመደ ሰው ሲያልፍ ልጅ ሁሉ ይስቅበታል።

«ይሄው የቀረን ውርደት ይሄ ነበር» አሉ እትዬ ከድጃ። «ላም ጠምደን በሰው ፊት ልንታይ?»

«እማ፣ ላም አይደለችም ተባለ አይደል?» አለች ዘሀራ። «ለዚህ ነው የምትመልሱኝ። ላም ካልሆነች ምኑ ያሳፍራል?»

አባጋሩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ዱዓ የያዙ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው መሣቃቸውን ያወቅኩት። ሲገልጡት ፈረዱ። ነገ ጧት ትጠመድ። ካረሰች ማጫው ማጫ ነው፣ ነገሩ ተዘጋ፤ ሁለተኛ የሚያነሣው የለም። ካላረሰች ልጅቱ ከነከብቷ ወደ አባቷ ትመለስ። ደግሞ ያልተለማመደ ከብት ከፊት የሚመራው ሰው ስለሚያስፈልገው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ቃሉን ያመጣኸው አንተ ነህ። ገመዱን ይዘህ ከፊት አንተ ትሄዳለህ» አሉኝ። ልጅ አሉኝ እኮ፤ ፀጉሬ ግማሹ ነጭ ነው።

በማግሥቱ የመጣውን ሰው ብታዩ በዓል ይመስላችኋል። እትዬ ከድጃ የዘሀራን ልብስ በአንድ ጥቅል አሥረው ይዘው መጥተው ማሳው ዳር ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። ዘሀራ ከእሳቸው ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሁለቱም ጥቅሉን አያዩትም።

ቀንበሩ አንገቷ ላይ ሲያርፍ ጊደሯ ቀጥ አለች። ገመዱን ሳብኩ። እሷም ሳበችኝ። እሷ ትበልጣለች። በፊቴ ተደፋሁ፤ አፈሩ ጥሩ አፈር ነው፣ ቀምሼዋለሁ። ሕዝቡ ሣቀ። ተነሥቼ ሳብኩ፤ ተኛች። አሊ ጅራፉን አነሣና መልሶ አወረደው፤ አልመታትም። አያ ይመር ከዳር ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ጥቅሉን አየሁት። በእውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ቃል ሁሉ ጠፋኝ፤ ጣልያንኛውም፣ እንግሊዝኛውም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዋ ላይ በዚሁ በአማርኛችን፣ «እባክሽ» አልኳት። 

የሰማችኝ እኔን ነው አልልም፤ ማለት እላለሁ፣ ግን የሚያምነኝ የለም። ብድግ አለች። አንገቷን ደፋችና ሄደች። ማረሻው መሬቱን ሰነጠቀው። በሬው ሰነፍ ነው፤ የለመደው በጎረቤቱ በሬ መጎተትን ነው። እሷ ጎን ሲሆን ግን ቀንበሩ እየገፋው እንደ ተማሪ ሮጠ። እኔ ከፊቷ እሸሻለሁ፣ ሰው መራት ይላል። ትልሙ ዳር ስንደርስ እንዴት ትዞር ይሆን ብሎ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። አሊ ቀስ ብሎ «ነይ» አላት፤ ዞረች። የመጀመሪያዋ ትልም እንደ እባብ ጠማማ ነበረች። ሁለተኛዋ ተሻለች። ሦስተኛዋን አያ ሁሴን ወርደው በእግራቸው ለኩና ለማንም ሳይናገሩ ተመልሰው ተቀመጡ። ያ የአሊ መቀናጆ ጎረቤት እንግዲህ እኔ ከማን ጋር ልቀናጅ ብሎ ሲጨነቅ ሰማሁት።

ፀሐዩ ሲበረታ አሊ አቆማቸው። የጊደሯ ጎን ወረድ ወጣ ይላል፤ ላቧ ይንጠባጠባል። እትዬ ከድጃ ተነሡ። ጥቅሉን አነሡና ወደ ዘሀራ ሄዱ። አሊ እርፉን እንደያዘ ቀረ። እትዬ ከድጃ ጥቅሉን ልጅቷ ጉልበት ላይ አኖሩት።

«ምን ተጎልተሽ ታያለሽ?» አሏት። «ይሄን ቤት አስገቢና ውሃ ይዘሽ ነይ። ጠምቷታል።»

ዘሀራ ገብቷታል፤ ዓይኗ ሲሥቅ አያለሁ። ግን ከአፋቸው መስማት ፈለገች። «ለማን ነው እማ?»

«ለማን ይሆናል» አሉ እትዬ ከድጃ። «ለፍሪማርቲን ነዋ።»

እኔም ጠምቶኝ ነበር። የጠየቀኝ የለም።